ብርድ ልብስ በሚያዝያ

«ጣትህን አስቀምጥ» አሉ መምህር ባህሩ። «‹ደስ ይላል› ብሎ መቀመጥ አይበቃም። ደስ ያሰኘህ የትኛው ነገር ነው? ጣትህን እሱ ላይ አስቀምጥና ንገረን።»

ደረበ የደረሰውን ሥዕል አዙሮ አየው። የሳለው ሸዋዓለም ነው፤ የግድግዳውን ግማሽ የያዘ ቴሌቪዥን፣ ከፊቱ ደግሞ ቀይ ሶፋ። ደረበ ጣቱን ቴሌቪዥኑ ላይ አሳርፎ «ቲቸር፣ የዚህ ሥዕል ስሜት ምኞት ነው» አለ። «እነ ሸዋዓለም ቤት ቴሌቪዥን የለም። ኳስ የሚያየው እኛ ሻይ ቤት መጥቶ ነው፣ ያውም ሻይ ሳያዝ።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሸዋዓለም «ሙድ አትያዝብኝ፣ ፋራ» ብሎ እስክሪብቶ ወረወረበት። መምህር ባህሩም ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ሆኖም ደረበ ሥዕሉን በደንብ እንዳነበበ መሰከሩለት። የሰጧቸው የቤት ሥራ «ቤቴ ከውስጥ» የሚል ነበር። ስምንተኛ ክፍል በሙሉ የየቤቱን ውስጥ ስሎ አምጥቷል፤ አሁን ደግሞ አንዱ የሌላውን ሥዕል ተቀብሎ መጀመሪያ ያየውን፣ ቀጥሎ የተሰማውን፣ በመጨረሻም መልእክቱን ይናገራል። የተመረጡት ሥዕሎች ቅዳሜ፣ በወላጆች ቀን፣ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። ያን ቀን ቆላዋ ኮኪት ከተማ ውስጥ ልጅ ያለውም የሌለውም ሰው ትምህርት ቤት ይመጣል፤ ሌላ የሚታይ ነገር የት አለና።

አይናለም አልሳቀችም። ከፊቷ ያለው የእስከዳር ሥዕል ነው። እስከዳር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የተቀመጠች ጓደኛዋ ናት። ቤታቸውም ከእነሱ ሁለት አጥር ተሻግሮ ስለሆነ አይናለም ያንን ቤት እንደ ራሷ ቤት ነው የምታውቀው። ጾሙ ከገባ ወዲህ ግን አንድም ቀን ገብታ አታውቅም። በሄደች ቁጥር እስከዳር ቀድማ ወጥታ ደጅ ላይ ነው የምታነጋግራት።

ሥዕሉ ውስጥ ሰው የለም። አንድ ክፍል ነው። የቆርቆሮው በር ተዘግቷል፤ በሚስማር ቀዳዳዎቹ የሚገባው ፀሐይ ነጠብጣብ ሆኖ በወለሉ ላይ እስከ አልጋው እግር ይሄዳል። አልጋው ጥግ ላይ ነው። ቀይ መስመር ያለው ግራጫ ብርድ ልብስ ተጥሎበታል፤ ብርድ ልብሱ መሐሉ ላይ ከፍ ብሎ ወደ ግርጌው ይወርዳል። አጠገቡ የውኃ ጆግ፣ የጆጉ አፍ ላይ የተደፋ ኩባያ። ጥጉን እስከዳር በሰማያዊና በጥቁር ደጋግማ አጥቁራዋለች፤ ወረቀቱ ከውኃው ብዛት ሊቀደድ ምንም አልቀረው።

አይናለም መጀመሪያ የመጣላት «ተሳስታለች» የሚል ነው። ሚያዝያ ነው እኮ። እዚህ አገር በሚያዝያ አልጋ ቤት ውስጥ አይገኝም። ጾሙ ተጋምሶ ሙቀቱ ሲብስ አልጋው ሁሉ ወደ ግቢ ይወጣል፤ ሰው ኒም ዛፍ ሥር፣ ሰማይ እያየ ይተኛል። ጎረቤት የጎረቤቱን ማንኮራፋት በስም ለይቶ ያውቃል። በቀን በር ዘግቶ መቀመጥማ ራስን መቀቀል ነው። ብርድ ልብስ ደግሞ እስከ ኅዳር ድረስ ጆንያ ውስጥ ታስሮ ይቀመጣል።

መምህር ባህሩ በትከሻዋ በኩል አጎንብሰው አዩት። «ቆንጆ ሥዕል ነው» አሉ። «እኔ ይህን ሳይ ደብረ ታቦር ያለው ቤታችን ትዝ ይለኛል። ውጭው ውርጭ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ብርድ ልብስ። ሰላም ነው የሚታየኝ። አንቺስ ምን ታየሽ?»

ደወሉ ባይደወል ምን እንደምትመልስ አታውቅም ነበር። «ነገ በአንቺ እንጀምራለን» አሏት። «ይዘሽው ሂጂና አስቢበት።»

እስከዳር ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ፣ አጥሩ ጥላ ሥር ቆማ ትጠብቃት ነበር። ጎን ለጎን መሄድ ጀመሩ። አንድ አይሱዙ የቀን ሠራተኞች ጭኖ አቧራውን እየረጨባቸው አለፈ፤ ሁለቱም በነጠላቸው አፍንጫቸውን ያዙ።

«ደረሰሽ?» አለች እስከዳር።

«ደረሰኝ። ግን አልጋውን ቤት ውስጥ ሳልሽው።»

«አዎ።»

«ብርድ ልብስም አለው።»

«አዎ።»

አይናለም ነገሩን ወደ ቀልድ ልትወስደው ሞከረች። «ሙቀቱ ናላሽን አዞረው እንዴ?»

እስከዳር አልሳቀችም። ሳቅ ከተወች ቆይታለች። ኅዳር ላይ ታላቅ ወንድሟ ታጠቅ ከሰሊጥ ውቂያ ሲመለስ አጋቾች መንገድ ላይ ከመኪና አውርደው ወሰዱት። መጀመሪያ ሰሞን ስልክ ይደወል ነበር፤ በኋላ እሱም ቀረ። ይህን ከተማው በሙሉ ያውቃል። እናቷን እትዬ ማናዬን ያገኘ ሁሉ «እግዚአብሔር ያውጣው» ይላል፤ እሳቸውም «አሜን» ብለው አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ።

«አልተሳሳትኩም» አለች እስከዳር። «ቲቸር ላንቺ እንዲሰጡሽ የለመንኳቸው እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«አንቺ ታያለሻ። ሌላው ዝም ብሎ ነው የሚያልፈው።» ዞር ብላ ከኋላቸው ሰው አለመኖሩን አየች። «ቤት ውስጥ አስምለውኛል፣ አይኔ። መናገር አልችልም። እንዳልስል ግን ማንም አልከለከለኝም።»

ይህን ብላ እርምጃዋን አፈጠነችና ጥላት ሄደች። አይናለም ተከትላት ብትሮጥ ትደርስባት ነበር፤ ግን አልሮጠችም። ያልገባትን ነገር መጠየቅ አስፈራት።

እናቷን ግቢ ውስጥ፣ ዛፉ ሥር፣ ማሽላ ስታበጥር አገኘቻት። አባቷ ማሳ ሊመነጥር ወርዶ ቤቱ ጭር ብሏል። አይናለም ሥዕሉን ደጅ ባለው የገመድ አልጋ ላይ ዘርግታ ልብሷን ልትቀይር ገባች። ስትመለስ እናቷ ወንፊቱን አስቀምጣ አልጋው አጠገብ ቆማለች።

«ይኸ የእነ ማናዬ ቤት አይደለም እንዴ?»

«ነው። እስከዳር ናት የሳለችው።»

እናቷ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወረቀቱን አነሳችው። ብዙ ቆየች። «ማን ነው የተኛው?» አለች።

«ማንም የለም። ሰው እኮ አልሳለችም።»

«ብርድ ልብሱ ሥር ማን ነው የተኛው ነው ያልኩሽ።»

አይናለም ተጠግታ አየች። ያን ጊዜ ታያት። መሐሉ ላይ ከፍ ያለው የተጨማደደ ብርድ ልብስ አይደለም። ትከሻ አለው፤ የታጠፈ ጉልበት አለው። ግርጌው ጋ ጠባብ ሆኖ የቀጠነው እግር ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ሙሉ ይህን ወረቀት ፊቷ አስቀምጣ ሳታየው መቅረቷ አሳፈራት።

«መጥቷል ማለት ነው» አለች እናቷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አምልጦ መጥቷል። አሞታልም። በሚያዝያ ብርድ ልብስ የሚደርበው ትኩሳት የሚያንቀጠቅጠው ሰው ብቻ ነው።»

«መምጣቱ ደስ አይልም ታዲያ?»

«አንቺ ልጅ፣ አምና የጋሽ ቢያድግልኝን ልጅ ረሳሽው? አምልጦ ገባ ተብሎ እልል ተባለ። በሳምንቱ መጥተው ታናሽየውን ወሰዱት። ልጁ ቤቱ መግባቱን ማን ነገራቸው? ወፍ አልነገራቸውም። ከዚሁ የሄደ አፍ ነው።»

አይናለም የእነ እስከዳር ቤት ታያት፤ እዚያ የሚወሰድ ታናሽ ወንድም የለም። ያለችው እስከዳር ብቻ ናት። «ለፖሊስ ቢነግሩስ?» አለች።

«ይንገሩ እሺ። ፖሊስ ስንት ሌሊት ደጃቸው ላይ ቆሞ ያድርላቸዋል?»

«ሐኪም ጋስ?»

«ሐኪም ጋ የሚኬደው በየት ነው? በገበያው መሐል ነው። ሰው ሁሉ እያየው።» እናቷ አጠገቧ ተቀመጠች። «ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ማናዬ እንደዚያ ሆናልሻለች። እኔስ ሰሞኑን ፊቷን ሳየው መች ይኸ መሰለኝ።»

ወረቀቱን ሁለት ላይ አጥፋ ለአይናለም ሰጠቻት። «አንቺ ምንም አላየሽም፤ እኔም አላየሁም። ዝም አይነቅዝም።»

«ነገ ክፍል ውስጥ አንብቢው ተብያለሁ።»

«እንግዲያው ሌላ ነገር አንብቢ» አለች እናቷ፣ ወደ ማሽላዋም ተመለሰች።

እስኪመሽ ድረስ አይናለም ሌላ ነገር ለማየት ታገለች። አንድ ጊዜ ያዩትን ነገር ግን እንዳላዩ መሆን አይቻልም። አሁን ጆጉን ስታይ ጥማቱ፣ የተደፋውን ኩባያ ስታይ ዝንቡ ይታያታል። ጥቁሩ ጥግ ጋ ስትደርስ አየር ያጥራታል። በእስከዳር ተናደደችባት፤ ይህን የሚያህል ነገር ወረቀት ላይ አድርጎ ለሰው መስጠት ምን ማለት ነው? ደግሞ አዘነችላት። ለንስሐ አባቷ እንኳ ያልተናገረችውን እስከዳር ለእሷ ልካላታለች። ለእሷ ብቻ የሚደርስ መስሏት ነው። ግድግዳው፣ ቅዳሜው፣ የከተማው ሰው ሁሉ ጨርሶ አልታያትም።

በማግስቱ ሰሌዳው ፊት ቆመች። እስከዳር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ዓይን ዓይኗን ታያታለች። አስተያየቷ ቀጠሮ ያለው ሰው አስተያየት ነበር።

«የማየው አንድ ክፍል ነው» አለች አይናለም። «አልጋ አለ፣ የውኃ ጆግ አለ። ስሜቱ ሰላም ነው።»

«ጣትሽን አስቀምጪ» አሉ መምህር ባህሩ።

ጣቷን ጆጉ ላይ አስቀመጠች። «ውኃ ተቀድቷል። ቤቱ ተስተካክሏል። እንግዳ የሚጠብቁ ነው የሚመስለው። መልእክቱም… እንግዳ መቀበል ጥሩ ነው የሚል ነው።»

እስከዳር ቀስ ብላ ዓይኗን ወደ ዴስኩ መለሰች። አይናለም አየቻት፤ ነገሩ እዚሁ ካበቃ ግን ይሁን አለች በልቧ። መምህር ባህሩም ራሳቸውን እየነቀነቁ «ጥሩ ነው፣ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር።

«ቲቸር፣ አንድ ጥያቄ» አለ ደረበ ከኋላ። የደረበ ወንድም መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አለው። ሻይ ቤቱ ውስጥ የተወራው ሁሉ ደረበ ጋ ይደርሳል፤ ደረበ የሰማው ሁሉ ደግሞ ሻይ ቤቱ ይደርሳል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ አፉ ነው መዝጊያ የሌለው። «በሚያዝያ ማን ነው ቤት ውስጥ የሚተኛው? ያውም በር ዘግቶ፣ ያውም በብርድ ልብስ?»

የሳቀ የለም። ሸዋዓለም አንገቱን አስግጎ ሥዕሉን አየ። ከፊት የተቀመጡት ልጆችም ማየት ጀመሩ፤ አንዷ ልጅ ወደ ጓደኛዋ ዞራ አንድ ነገር ሹክ ልትል ስትል አይናለም አየቻት። የቆላ ልጆች ናቸው፣ ሌላ አንድ ደቂቃ ብቻ ቢያስቡ ይደርሱበታል። አንድ ነገር ማለት አለባት፤ የሚያስቅም ይሁን የሚያናድድ፣ ብቻ ሐሳባቸውን የሚቆርጥ።

«ይኸ የእነሱ ቤት አይደለም» አለች። «ከመጽሐፍ ገልብጣው ነው።»

መምህር ባህሩ ቀና አሉ። «ምን አልሽ?»

«ገልብጣው ነው። የደጋ ቤት ነው፣ ለዚህ ነው ብርድ ልብስ ያለው። የእነ እስከዳርን ቤት አውቀዋለሁ፣ እንደዚህ አይደለም። አልጋቸው ግቢ ነው ያለው።»

«ኦ፣ ሼም» አለ አንዱ። ሳቁ ከየጥጉ ተነሳ። ደረበም ጥያቄው እንደተመለሰለት ሰው ወደኋላ ተደግፎ ሳቀ። ሹክ ልትል የነበረችው ልጅ አፏን ይዛ ትስቃለች። ሁሉም ነገሩን ረሱት።

«እስከዳር» አሉ መምህር ባህሩ። «እውነት ነው?»

እስከዳር ተነስታ ቆመች። አሁን «አይደለም፣ የእኛ ቤት ነው» ብትል ሁሉም እንደገና ወደ ሥዕሉ ይዞራል። ይህን አውቃው ይሁን ወይም ልቧ ተሰብሮ፣ አይናለም ከፊቷ ማንበብ አልቻለችም። የሰው ሥዕል ስታነብ የምትመሰገን ልጅ የጓደኛዋን ፊት ማንበብ አቃታት።

«አዎ» አለች እስከዳር። «ገልብጬ ነው።»

መምህር ባህሩ አልተቆጡም፤ አዘኑ እንጂ። ከተቀዳ ሥዕል ይልቅ የራስ ጭረት እንደሚሻል ተናገሩና ዜሮ ጻፉባት፣ ወረቀቱንም መለሱላት። እስከዳር እዚያው ቆማ ሥዕሏን አራት ላይ ቀደደችው። ከዚያ እያንዳንዷን ቁራጭ ቀዳደደች። ብጥስጣሹን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሳታስፈቅድ ወጣች።

በማግስቱ አልመጣችም። ቅዳሜም፣ በወላጆች ቀን፣ አልታየችም። የሸዋዓለም ቴሌቪዥን ግድግዳው መሐል ላይ ተሰቅሎ ሰው ሁሉ ሲስቅበት ዋለ። የአይናለምም ሥዕል ተሰቅሎ ነበር፤ ደስ የሚል ቀለም የተቀባ የአዘቦት ቤት ነው፣ ማንም ፊቱ አልቆመም። እናቷ ብቻ ቆማ አየችውና እጇን ያዘቻት። ሁለቱም ስለ ሌላኛው ሥዕል እያሰቡ መሆኑን አይናለም ታውቅ ነበር። ሰኞ ስም ሲጠራ እስከዳር የለችም። መምህሩ ከስሟ ጎን ምልክት አድርገው አለፉ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አይናለም የእነ እስከዳርን አጥር አንኳኳች። የከፈቱላት እትዬ ማናዬ ናቸው። በሩን ትንሽ ብቻ ገርበብ አድርገው በሰውነታቸው ሞሉት።

«ምን ልታደርጊ መጣሽ?» አሏት። «ልጄን በሰው ፊት ሌባ ካደረግሻት በኋላ?»

«ይቅርታ ልጠይቃት ነው፣ እትዬ።»

«ምን አድርጋሽ ነውሳ? ብጠይቃት አትነግረኝም። አብረሽ ያደግሽ ልጅ ምን ሆነሽ ነው?»

አይናለም እውነቱን ብትናገር እትዬ ማናዬ ልጃቸው ምን እንደሳለች ያውቃሉ። በዚያ ቤት ላይ ያልደረሰ መከራ ቢኖር የእናትና የልጅ አለመተማመን ብቻ ነው። «ቀንቼ ነው» አለች። «ሥዕሏ ከእኔ ስለበለጠ ቀናሁ።»

ይህን ስትል ከቤቱ ውስጥ ሳል ተሰማ። የወንድ ሳል ነው፤ ረዥም፣ ውስጡ ውኃ ያለበት። እትዬ ማናዬ ወዲያው ራሳቸው ሳል ጀመሩ። በእጃቸው ደረታቸውን እየመቱ፣ እንባቸው እስኪመጣ ድረስ ሳሉ። የውስጡ ሳል ሲያቆም እሳቸውም አቆሙ።

«አቧራው» አሉ።

«አዎ፣ አቧራው ጨርሶናል» አለች አይናለም። ነፋስ አልነበረም። እትዬ ማናዬ ዓይኗን አዩዋት፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ ጠፍቶ ፍርሃት ብቻ ቀረ። ዞረው ወደ ቤት ገቡ።

በእሳቸው ቦታ እስከዳር መጣች። ከስታለች፤ ፀጉሯን አልተሠራችም። አንዷ ከአጥሩ ወዲያ፣ አንዷ ወዲህ ቆመው ተያዩ።

«አይተሽው ነበር?» አለች እስከዳር።

«አይቼዋለሁ። ለዚህ እኮ ነው…»

«ገብቶኛል። ያን ዕለት አልገባኝም፤ ኋላ ገባኝ።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፣ ሌላም ነገር የለም። «ደረበ ሲጠይቅ ልቤ ቆሞ ነበር። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። ግን አይኔ፣ ካየሽው በኋላ ዝም ካልሽ፣ ካላየው ሰው በምን ተለየሽ?»

አይናለም ከእናቷ የሰማችውን ሁሉ፣ የቢያድግልኝን ልጅ፣ ገበያውን፣ ፖሊሱን ልትነግራት አሰበች። እስከዳር ግን ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ አብራው የምትኖረው እሷ ናት።

«ትናንት ማታ አላወቀኝም» አለች እስከዳር። «እትዬ አለኝ። ሌላ ሰው መስዬው ‹እትዬ፣ ውኃ ይስጡኝ› አለኝ።» የአጥሩን በር ያዘችው። «ከእንግዲህ አትምጪ። ሰው እያየሽ ነው።»

በሩ ሲዘጋ አይናለም ትንሽ ቆመች። ወደ ቤቷ የሚወስደው በግራ በኩል ነው። በቀኝ በኩል መንገዱ የሰሊጥ መጋዘኖቹን አልፎ፣ ገበያውን ሰንጥቆ ወደ ጤና ጣቢያው ይሄዳል። ወደ ቀኝ ዞረች። በገበያው መሐል ስታልፍ ሰው ሁሉ የሚያያት መሰላት፤ በእውነቱ ግን ያያት አልነበረም።

ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ወረፋ ይዛ ተራዋ እስኪደርስ ተቀመጠች። ሲስተር ሔለን ወጣት ነርስ ናት፤ ክትባት ልትሰጥ ትምህርት ቤት ስትመጣ አይናለም ታውቃታለች። ጠረጴዛዋ አጠገብ ባለው ወንበር አስቀመጠቻትና ምን እንደሚሰማት ጠየቀቻት።

«ብርድ ብርድ ይለኛል» አለች አይናለም። «ማታ ማታ ያንቀጠቅጠኛል። ሳል አለኝ። ከስቻለሁ።»

ሔለን ግንባሯን በእጇ ዳሰሰች። «ትኩሳት እኮ የለሽም።»

«አሁን ትቶኝ ነው። ማታ ይመለሳል። አንዳንዴም… ሰው አላውቅም። እህቴን እንኳ አላውቃትም።»

ሔለን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሰው መለየት ያቃተው በሽተኛ በእግሩ መጥቶ ወረፋ አይዝም» አለች፣ ቀስ ብላ።

«መድኃኒቱን ብቻ ቢሰጡኝስ? እኔ አደርሰዋለሁ።»

«የምኑን መድኃኒት? ወባ ሊሆን ይችላል፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚመጣው ካላዛር ሊሆን ይችላል፣ የሳንባም ሊሆን ይችላል። ደሙን ሳላይ፣ ሆዱን ሳልዳብስ ብሰጥሽ ልገድለው እችላለሁ። ካላዛር ከሆነ ደግሞ እዚህ አይታከምም፤ ሆስፒታል መሄድ አለበት።»

«በመኪና?»

«በመኪና ነዋ።»

«በዚያው መንገድ?»

አጋቾች ሰው ከሚወስዱበት ሌላ መንገድ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። «የማን ትኩሳት ነው ይዘሽልኝ የመጣሽው?» አለች ሔለን።

መስኮቱ ክፍት ነበር። በረንዳው ላይ ሕፃን ያዘሉ ሴቶች፣ እግሩን በጨርቅ የጠቀለለ የቀን ሠራተኛ፣ ከዘበኛው ጋር የሚያወራ የባጃጅ ሹፌር ይታያሉ። ከመሐላቸው ማን ደግ እንደሆነ፣ ማን ለማን እንደሚያወራ አይናለም አታውቅም። ሔለንንም ቢሆን አታውቃትም፤ መርፌ ስትወጋ እጇ ቀላል መሆኑን ብቻ ነው የምታውቀው። እናቷ «ከዚሁ የሄደ አፍ» ያለችው የማንም አፍ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ የእሷ ሊሆን ነው። ከተናገረች አጋቾቹ ሊመጡ ይችላሉ፣ የሚወስዱት ደግሞ እስከዳርን ነው። ካልተናገረች ታጠቅ ከዚያ ብርድ ልብስ ሥር አይነሳም። ፈራች። ተነስታ መሄድ ትችል ነበር። በሩ ከኋላዋ ነው፣ ክፍት ነው።

«ሲስተር» አለች። «ከነገርኩዎ በኋላ ጮክ ብለው አይድገሙት።»

ሔለን ወንበሯን አስጠጋች። አይናለም ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብላ ስሙን ከነአባቱ ነገረቻት።

ሔለን ስሙን አልደገመችውም። እጇን ጠረጴዛው ላይ እንዳሳረፈች ወደ መስኮቱ ተመለከተች፤ ወረፋው ገና አላለቀም ነበር።